የሰው ስም የያዙ ክላሲክ ልቦለዶችን ስታነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋናው ስህተት ባለስሙን ፍለጋ ገጽ መዝለል ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ «አና ካሬኒናን ጨረስኩ» አለኝና ደስ አለኝ። የመጽሐፉ ሌላው ዋና ገጸ ባሕርይ ስለሆነው ስለ ሌቪን ሣር አጨዳ ሳነሳበት ግን «እሱንማ ዘለልኩት፤ አና የለችበትም» አለ። ይህን መልስ ስንት ሰው ነግሮኛል!

አና ራሷ እኮ የምትመጣው በአንደኛው ክፍል 18ኛ ምዕራፍ ላይ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ወንድሟ ስቲቫ ቤት ነው። ስቲቫ ሲማግጥ ተደርሶበት፣ ከሚስቱ ተኳርፎ ሶፋ ላይ ያድራል። አና የምትመጣው ልታስታርቃቸው ነው። ኋላ እሷ ትዳሯን ስታፈርስ ግን በር ሁሉ ይዘጋባታል፤ እሱ በሄደበት በፈገግታ መስተናገዱን አያጣም። መግቢያውን የዘለለ ሰው ይህን ፍርደ ገምድልነት በምን ያየዋል?

ሌቪንም ለማሟያ የገባ ሰው አይደለም። ከገበሬዎቹ ጋር ሲያጭድ መጀመሪያ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ቆይቶ ግን ማጭዱ በራሱ የሚሄድ እስኪመስለው ድረስ ሐሳቡን ሁሉ ይረሳል። አና አጥብቃ የምትፈልገውን ዕረፍት እሱ እዚያ ሣር መሃል ለአፍታ ያገኘዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላነበባችኋቸው መጽሐፉን ግማሹን ነው ያነበባችሁት።

ማዳም ቦቫሪም በባለስሟ በኤማ አይጀምርም። አንድ አዲስ ተማሪ ክፍል ይገባል፤ ልጆቹ በቆቡ ይስቁበታል። ይህ ተማሪ የኤማ የወደፊት ባል ሻርል ነው። በዚያ ላይ «ማዳም ቦቫሪ» የሚባሉ ሦስት ሴቶች አሉ፦ የሻርል እናት፣ የመጀመሪያ ሚስቱና ኤማ። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ሌላው በፊልም የሚያውቁትን ሰው መጽሐፉ ውስጥ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 የታተመው ፍራንከንስታይን ጭራቁን የሠራው ሰው ስም ነው፤ ፍጡሩ ስም የለውም። ዲዳም አይደለም። የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የሚልተንን ሥራ ያነባል፣ መጽሐፉ መሃል ላይ ታሪኩን በራሱ አንደበት ይተርካል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ስሙ ርዕስ የሆነ ሰው ሁሉ ጥሩ ሰው መሆን አለበት ብላችሁ አትጠብቁ። ኤማን ሳትወዷትም ልትረዷት ትችላላችሁ።

የሩሲያ ስሞች ካደናገሯችሁ ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ስቲቫ፣ ስቴፓን አርካድየቪችና ኦብሎንስኪ አንድ ሰው ነው።

የምሁራን መቅድም በመጨረሻ ይነበብ። ብዙዎቹ የታሪኩን መጨረሻ ያወጡታል።

ዶን ኪሆቴን ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አታቁሙ። እሱ በ1605 ወጣ፣ ሁለተኛው በ1615። በሁለተኛው ክፍል ዶን ኪሆቴ የሚያገኛቸው አንዳንድ ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍል አንብበውታል። አንድ መስፍንና ሚስቱ ከመጽሐፉ ስለሚያውቁት ቤታቸው ጋብዘው፣ ሲያከብሩት እየመሰሉ ይቀልዱበታል። መጀመሪያ ላይ ስንስቅበት የነበርን ሰዎች እዚህ ስንደርስ ማዘን እንጀምራለን።