ጭንቅ ሲመጣ እንዴት ይጸለያል?

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እቤት ነበርን። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው፤ ይኑር አይኑር አናውቅም። ልጸልይ ቆምኩ። «እግዚኦ» ብዬ ጀመርኩና ቀጣዩ ቃል ጠፋብኝ።

ያኔ እናቴ ያሳየችኝን ነው የምጽፍላችሁ። የሐኪም ውጤት ለሚጠብቅም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ለደረሰውም ይሆናል።

መጀመሪያ ፍርሃታችሁን ጻፉት። እናቴ አሮጌ የመብራት ቢል ሰጠችኝና «የሚያስፈራሽን ጀርባው ላይ ጻፊው» አለችኝ። «ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም። ዱቄቱ ለአራት ቀን ነው። ሌሊት በር ቢንኳኳስ?» ሰማይ የተደፋብኝ መስሎኝ ነበር። ሲጻፍ ሦስት መስመር ሆነ።

ቀጥሎ ወረቀቱን እግዚአብሔር ፊት ዘርጉት። ይሄ የእናቴ ፈጠራ አይደለም። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሊውጥ ሲመጣ ለይሁዳው ንጉሥ ለሕዝቅያስ የዛቻ ደብዳቤ ላከበት። ሕዝቅያስ አነበበውና ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ ደብዳቤውን በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ጸሎቱ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ አለ፤ አምስት ቁጥር ብቻ ነው። አካሄዱን ልብ በሉት። መጀመሪያ የሚያናግረው አምላክ ማን እንደሆነ ለራሱም ያስታውሳል። ከዚያ «ስማ፣ እይ» ይላል። ከዚያ፣ እኔ በጣም የምወደው ቦታ ነው፣ የአሦር ነገሥታት እውነትም አገር እንዳጠፉ ያምናል። ጠላቱን አያሳንስም። «አድነን» የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

ቃል ካጣችሁ ዳዊት አለላችሁ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። በአንዱ እትም መዝሙር 90፣ በሌላው 91 ነው፤ አትደናገሩ። እሱም ካቃተ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ። እኔ ያን ሰሞን 41 ደርሼ አላውቅም። ሃያዎቹ ላይ ይጠፋብኝና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ቢሆንም ትንፋሼ ይመለስ ነበር።

ብቻችሁን አትያዙት። ሙስሊም ጎረቤታችን በጓሮ በኩል አንድ ሰሃን ቆሎ ይዛ መጣችና እናቴን «አንቺም ጸልዪ፣ እኔም ዱዓ ላይ ነኝ» አለቻት። ወሎ ነው፤ ማንም አልገረመውም።

ከጸሎት ስትነሱ የእጃችሁን ሥሩ። እምነት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሕዝቅያስ ከከተማው ውጭ ያሉትን ምንጮች ደፍኗል፣ ውኃውንም ወደ ውስጥ አስገብቷል። የእሱ ነው የሚባለው 530 ሜትር ገደማ የሚረዝም የውኃ ዋሻ ዛሬም ኢየሩሳሌም ውስጥ አለ። እኛም ጀሪካኖቹን ሞላን፣ ዱቄቱን በቀን በቀን ከፋፈልነው። መሸሽ ካለባችሁ ደግሞ ሽሹ፤ መንገድ ላይም ይጸለያል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ኢየሩሳሌም ተረፈች እንጂ ሰናክሬም ሌሎቹን የይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች ይዟቸው ነበር። ከተያዙት አንዷ በሆነችው ለኪሶ ውስጥም የጸለየ ሰው አይጠፋም። ደሴም ውስጥ ጸልያ ልጇ ያልተመለሰላት እናት አለች። ስለዚህ «ከጸለይሽ ምንም አይደርስብሽም» አትበሉ፤ ለማንም። አጠገቧ ተቀመጡ።

ወረቀቱን አትጣሉት። ማታ ማታ አውጡትና ያለፈውን ሰርዙ። ዱቄቱን መጀመሪያ ሰረዝኩት። ወንድሜ በኅዳር መጨረሻ፣ ከተማው ነፃ ከወጣ በኋላ፣ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ መጣ። ያንን መስመር እናቴ ናት የሰረዘችው፤ እስክሪብቶውን ከመጫኗ ወረቀቱ ተቀደደ።

የመብራት ቢሉ ዳዊቴ ውስጥ ነው። ሦስተኛው መስመር እስካሁን አልተሰረዘም። ማታ በር ሲንኳኳ ዛሬም እደነግጣለሁ።