ተመልካች የተጣላበትን ትሪለር ነጥብ እንዴት እናንብብ?

የሚረብሽ ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ለማየት አስባችሁ ነጥቡን ስትፈልጉ፣ አንዱ «ድንቅ ሥራ ነው» ሲል ሌላው «ገንዘቤን መልሱልኝ» ይላል። እንዲህ ያለው ፊልም ላይ አማካይ ውጤት ብዙም አይረዳም። አማካይ የሚሠራው አብዛኛው ሰው ተቀራራቢ ስሜት ይዞ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ነው። ተመልካች ለሁለት ሲከፈል መፈለግ ያለበት የተከፈለበት ምክንያት ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ይበቃል።

ምሳሌያችን የዳይሬክተር ዳረን አሮኖፍስኪ «ማዘር!» ይሁን፤ የባልና የሚስት ቤት ባልተጠበቁ እንግዶች ሲወረር እያሳየ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በምሳሌ የሚናገር ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ጭብጨባውም የተቃውሞ ጩኸቱም አንድ ላይ ተሰማ። ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ 5 ኮከብ ሰጠው። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ በመክፈቻው ምሽት የገቡ ተመልካቾች ግን በሲኒማስኮር መጠይቅ «ኤፍ» አሸክመው ሸኙት። 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ እዚያ ያስገባው 7.5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር።

ማን፣ መቼ ተጠየቀ?

ከነጥቡ በፊት የነጥቡን ምንጭ ለዩ። ሲኒማስኮር በመክፈቻው ምሽት ለተመልካቾች ካርድ እያደለ ከ«ኤ ፕላስ» እስከ «ኤፍ» የሚያስሞላ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ካርዱን የሚሞሉት ማስታወቂያውን አምነው፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከኪሳቸው ከፍለው የገቡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ውጤቱ በአብዛኛው የሚለካው ማስታወቂያው የገባው ቃልና ፊልሙ መገናኘታቸውን ነው። ለፊልሙ ጓጉቶ የመጣ ሰው ለጋስ ስለሆነ፣ ለሌላ ዓይነት ፊልም «ቢ» መናኛ፣ «ሲ» ደግሞ መጥፎ ዜና ነው። አስፈሪና ረባሽ ፊልም ላይ ግን ይህ ሚዛን ይናጋል፦ «ሄሬዲታሪ» (2018) «ዲ ፕላስ» ተሰጥቶት በዓለም ዙሪያ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ዝቅተኛ የሲኒማስኮር ውጤት ስታዩ መጀመሪያ ትሬይለሩን ጠርጥሩ።

የሃያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ ላይ ያለው ከመቶ የሚሰላ ቁጥር ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። የሚነግረን ፊልሙን የደገፉት ሃያስያን ከመቶ ስንት እንደሆኑ እንጂ ምን ያህል እንደወደዱት አይደለም። 100 ሃያስያን በሙሉ ከ10 ስድስት ብቻ እየሰጡ «ይሁን፣ ይታያል» ቢሉ ፊልሙ 100 ከመቶ ያገኛል። 65ቱ አሥር፣ 35ቱ ሁለት የሰጡት ፊልም ግን አማካዩ 7.2 ሆኖ ሳለ የሚለጠፍበት 65 ከመቶ ነው። ሰውን የሚከፋፍል ፊልም በዚህ አሠራር ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ ማንንም የማያስቆጣ ፊልም ይጠቀማል። ሌላው መሰል ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ የሃያስያኑን ነጥብ ራሱን ስለሚያማክል ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው።

ቅርጹን እዩ

አይኤምዲቢ በተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ነጥቡን ስትነኩት ከ1 እስከ 10 ስንት ሰው እንደሰጠ የሚያሳይ ዝርዝር ይከፈታል፤ ተመልካቾች ነጥብ የሚሰጡበት ሌተርቦክስድም ከግማሽ ኮከብ እስከ 5 ኮከብ ያለውን በዘንግ ይሥለዋል። ሃምሳ ሰው 9፣ ሃምሳ ሰው 3 ቢሰጥ አማካዩ 6 ነው። መቶውም 6 ቢሰጡ ያው 6 ነው። የመጀመሪያው መታየት ያለበት ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የእሁድ ከሰዓት እንቅልፍ ነው።

ከ1 እስከ 3 የሰጡትን ደምሩ፣ ከ8 እስከ 10 የሰጡትንም ለብቻ። የታችኛው ክንፍ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ከሆነና የላይኛው አሁንም ከሦስት አንድ እጅ ካለፈ ክፍፍሉ እውነተኛ ነው ብላችሁ ተነሡ። ይህ በልምድ የሚሠራ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት 1 ላይ ያለችውን ጉብታ ብቻ አይተው ሲደነግጡ ነው፤ ታዋቂ ፊልም ሁሉ ተናዶ 1፣ ተደስቶ 10 የሚሰጥ አያጣም። ስለዚህ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ትሪለር ከፍታችሁ አወዳድሩ።

ሠላሳ አስተያየት፣ ሁለት ዓምድ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከከፍተኛ ነጥብ ሰጪዎች 10፣ ከዝቅተኛ 10፣ ከመካከለኛዎቹ 10 አስተያየት ምረጡ። መካከለኞቹን አትዝለሉ፤ 5 ወይም 6 የሰጠ ሰው ምን እንደወደደና የት ላይ እንደተወው በአንድ አንቀጽ ይነግራችኋል፣ ጫፍና ጫፍ ያሉት ግን ብዙ ጊዜ ቅጽል ብቻ ነው የሚደረድሩት። ታሪኩ እንዳይገለጥባችሁ ከፈለጋችሁ ይህን ሥራ ፊልሙን ካያችሁ በኋላ አድርጉት።

ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ ምስጋናውን፣ በሌላው ቅሬታውን ጻፉ። ቅጽሉን ተዉት፤ የተወራበትን ነገር ብቻ መዝግቡ። «ማዘር!» ላይ ይህን ስታደርጉ የሚወጣው ግልጽ ነው። ፊልሙ በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ ነው፤ ካሜራው ወይ መሪ ተዋናይቷ ጄኒፈር ሎውረንስ ፊት ላይ ተለጥፏል፣ ወይ በትከሻዋ በኩል ያያል፣ ወይ እሷ የምታየውን ያሳያል። ዮሃን ዮሃንሰን ሙዚቃ አዘጋጅቶለት የነበረ ቢሆንም እሱና ዳይሬክተሩ ተስማምተው ስላወጡት የሚሰማው የቤቱ ሲጥሲጥታና የሰው ግርግር ነው። ገጸ ባሕርያቱ በስም አይጠሩም። እነዚህ ሦስቱም በሁለቱም ዓምድ ይገኛሉ፦ አንዱ «አፍኖ ያዘኝ» ብሎ ሲያመሰግን ሌላው «ታፈንኩ» ብሎ ወጥቷል።

በሁለቱም ዓምድ የተደገመ ነገር ዳይሬክተሩ አውቆ ያደረገው ምርጫ ነው፤ ጥያቄው እናንተ ትችሉታላችሁ ወይ የሚለው ብቻ ነው። በቅሬታው ዓምድ ብቻ የቀረና ማንም የማያመሰግነው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የማይሰማ ንግግር ወይም ተጀምሮ የተረሳ ታሪክ፣ እሱ ጉድለት ነው። አንድን ፊልም «ደፋር ነው» ብሎ ጉድለቱን ሁሉ መሸፈንም፣ ምርጫውን ሁሉ «ስህተት» ማለትም የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

ቅሬታዎቹን ራሳቸውን ስትለዩ «አልገባኝም» የሚለውን ተጠራጠሩት። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «ያየሁትን ማየት አልነበረብኝም» የሚለውን በትሕትና የሚናገርበት መንገድ ነው። «ማዘር!» መጨረሻው አካባቢ በጨቅላ ሕፃን ላይ የሚደርስ ነገር አለበት፤ አሜሪካ ውስጥ «አር» (ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ የማይገባበት) የተባለውም በከባድ ጥቃቱ ጭምር ነው። «አልገባኝም» ካሉት ስንቶቹ ይህን ክፍል እንደሚያነሡ ቁጠሩ። ዘፍጥረትን በልጅነቱ የሰማ አማርኛ አንባቢ ደግሞ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲጣሉ ቃየልና አቤል ወዲያው ይታዩታል። ምሳሌው ቶሎ ስለሚገባው ቅሬታው ከ«አልገባኝም» ወደ «ድፍረት ነው» ሊዞር ይችላል፤ ያንን ለብቻው መዝግቡ።

አማርኛ ትረካ ተጨምሮባቸው በአጭሩ የሚቀርቡ ፊልሞች ሥር ያለውን አስተያየት ከዚህ ቆጠራ አውጡት። ተራኪው በአሥረኛው ደቂቃ «ባልየው እንዲህ ነው፣ ቤቱ እንዲህ ነው» ብሎ ፈትቶ ስለሚሰጥ ተመልካቹ የወደደው ወይም የጠላው ትረካውን ነው። ትረካው ብቃት ሊኖረው ይችላል፤ ሌላ ሥራ ነው እንጂ።

አብራችሁ ካያችሁ

ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር ከማየታችሁ በፊት በአይኤምዲቢ የወላጆች መመሪያ የሚለውን ክፍል አንብቡ። ልጅ ያጣ ወይም ቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ሰው አጠገባችሁ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ታሪኩን ማበላሸት ከሆነ ይበላሽ።

ፊልሙ ሲያልቅ ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ከ10 የሰጠውን በወረቀት ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ የተናገረው፣ በተለይ ታላቅ ከሆነ ወይም ድምፁ ጎላ ካለ፣ የሌላውን ነጥብ ይጎትታል። ወረቀቶቹን ገልጣችሁ ዝቅተኛውን የሰጠው ይጀምር። «ለምን ጠላኸው?» አትበሉት፤ መከላከል ይጀምራል። «የቱ ትዕይንት ላይ ነው ከፊልሙ የተለየኸው?» በሉት። ደቂቃው ከታወቀ ከፍተኛ የሰጠው ሰው ያንኑ ትዕይንት ምን ብሎ እንዳየው ይናገር። ከሃያ ደቂቃ በላይ አታስረዝሙት።

ነጥባችሁን ድረ ገጽ ላይ የምታስገቡ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥም ምርጫውንና ጉድለቱን ለያዩ፦ «ሙዚቃ የለውም፣ ካሜራው አይላቀቅም፣ 121 ደቂቃ ሙሉ እንዲሁ ነው» ካላችሁ አንባቢው እንደሚያየው ወይም እንደሚተወው በራሱ ይወስናል።