ሞዴል መሥራት ሲያስጠላ፦ ከአንዲት ጂፕ የሚጀመር ጥገና

ቀን ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ እሠራለሁ፣ ማታ ደግሞ በ1/35 ሚዛን፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ፣ የፕላስቲክ የወታደር መኪና ሞዴል እገጣጥማለሁ። ሁለቱም ሥራ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ የቆመ ነገር ሁሉ የቆመበት ምክንያት አለው። "ፍላጎቴ ጠፋ፣ ሳጥኑን ገና ሳየው ይደክመኛል" እያለ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ፍላጎቱ አልጠይቀውም። "ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው ቀን ምን ላይ ነበርክ?" ነው የምለው። መልስ አጥቶ የሚያውቅ የለም። ወይ ሰንሰለት ላይ ነበር፣ ወይ ቀለሙ ነጭ ሆኖበታል፣ ወይ ጎማው አልቀመጥ ብሎታል። ሰው ከዚህ ሥራ የሚሸሸው ሰንፎ አይደለም፤ ያልተፈታ ብልሽት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስለሚያየው ነው።

ፕላስቲኩን በሳሙና ማጠብ፣ ምላጭ መቀየር፣ ቀለም ሲነፋ መስኮት መክፈት የምታውቁት ነውና አልደግመውም።

ምልክት፦ ግማሽ የደረሰ ታንክ ወራት አልፎት አቧራ ለብሷል

በእኛ ሰው ቤት ይህ ታንክ አብዛኛውን ጊዜ የሶቪየቱ ቲ-55 ነው። ይገባኛል፤ ብዙዎቻችን መንገድ ዳር ተቃጥሎ የቀረውን እያየን ነው ያደግነው። ግን ሥራ የተወ እጅ የሚመለስበት ሞዴል አይደለም። ሰንሰለቱ በአንድ ጎን 90 ያህል ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ይቆረጣል፣ የቀረው ጉቶ ይላጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። ሌላኛውም ጎን አለ። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ከ12 ሰዓት ሥራ በኋላ ማታ አምስት ቁራጭ ያያይዝና ይተኛ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆመ። ታንኩ ፍሪጅ ላይ ወጥቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

መፍትሄ፦ ታንኩን አትጣሉት፣ አትሽጡትም። ክፍሎቹን በላስቲክ አድርጉ፣ የደረሳችሁበትን የመመሪያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከላይ አኑሩ፣ ሳጥኑን ክደኑና ከዓይናችሁ አርቁት። ከዚያ አንድ ዊሊስ ጂፕ ግዙ። እኔ የጃፓኑን የሞዴል ፋብሪካ የታሚያን 1/35 እመክራለሁ። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሰንሰለት የለውም፣ ቀለሙ በአብዛኛው አንድ ወታደራዊ አረንጓዴ ነው። እውነተኛዋ ጂፕ 3 ሜትር ከ33 ሳንቲም ርዝመት፣ 1,100 ኪሎ ገደማ ክብደት ያላት ቀላል ነገር ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ ከ600 ሺህ በላይ ሠርተዋታል። ሞዴሏ ስታልቅ 9 ሳንቲም ተኩል ናት፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች።

ርካሽ ኮፒ ስትገዙ የፊት ፍርግርጉን ቁጠሩ። የጦርነቱ ጂፕ 9 ክፍተት ነው ያለው። 7 ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው ነውና ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል አትመኑ።

በሳጥኑ ውስጥ ካለው ሌላ ምንም አትግዙ። የነሐስ ጌጣጌጥ፣ የሬዚን ጎማ፣ ተጨማሪ ሞተር፣ ሁሉም ይቅር። ሌላም ወጥመድ አለ፤ "የቃኘው ሻለቃን ጂፕ ነው የምሠራው" የሚል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሻለቃው በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ገብቶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው የተዋጋው፤ መሣሪያውም መኪናውም የአሜሪካ ነበር። ነገር ግን የቁጥሩንና የምልክቱን ፎቶ ስትፈልጉ ሦስት ሳምንት ያልፋል፣ ጂፗ ሳትነካ ትቀራለች። ለሁለተኛዋ አቆዩት።

ምልክት፦ ጂፗ ጠረጴዛ ላይ ትወዛወዛለች፣ አንድ ጎማ አየር ላይ ነው

እዚህ ላይ ረጅም እጽፋለሁ፤ በእጄ ካለፉት ጂፖች ውስጥ አብዛኞቹ የመጡልኝ በዚህ ብልሽት ነውና። ሰው ደስ ብሎት ጀምሮ፣ ሻንሲውን ጨርሶ፣ ጎማ አስገብቶ መሬት ሲያስቀምጣት ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በ1/35 ግማሽ ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛዋ መኪና ላይ 17 ሚሊሜትር ተኩል ነው። ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር አንድ ጎማዋ የተንጠለጠለ ጂፕ አሻንጉሊት ትመስላለች፤ ባለቤቷም ያውቀዋል። ሰው ሥራውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚተወው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ብልሽቱን ለዩ። መስታወት አምጡ፤ ጠረጴዛ ልክ አይደለም፣ እንጨት ይጎብጣል። ጂፗን መስታወቱ ላይ አቁማችሁ በየጎማው ሥር ቁራጭ ወረቀት ሳቡ። ወረቀቱ የሚንሸራተትበት ጎማ የተነሳው ነው። አሁን በጣት ያንን ጎማ ተጫኑት፤ የቀድሞው ይቀመጥና በሰያፍ ያለው ይነሳል። የማይነሱት ሁለቱ፣ ሁልጊዜ መሬት የያዙት፣ ረጃጅሞቹ ናቸው። ይህን ሳይለይ በብርጭቆ ወረቀት ወደ መፈግፈግ የገባ ሰው አይቻለሁ። የተነሳውን ጎማ ፈገፈገ፣ ይበልጥ ተነሳ፣ እንደገና ፈገፈገ። ይዞልኝ ሲመጣ የጎማው ጥርስ አልቆ ቸርኬው ሊነካ ነበር። መፈግፈግ ካስፈለገ የሚፈገፈገው መሬት የያዘው ነው!

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ግን ከሌሎቹ በብዙ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ጉቶ ነው። ጂፕ አራት ባሌስትራ አላት፣ አክስሎቹ የሚቀመጡት በእነሱ ላይ ነው። ባሌስትራው ከፍሬሙ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ፕላስቲክ ትቀራለች። ጣት አያገኛትም። ጥፍር ግን ያገኛታል፤ ጥፍራችሁን በባሌስትራው መቀመጫ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት፣ ከተያዘ ጉቶ አለ። ያቺ ቅንጣት አክስሉን በአንድ ጎን ታነሳዋለች፣ አክስሉ ጎማውን ያነሳል። መኪና ላይ ባሌስትራና አክስል መካከል ጠጠር ትታችሁ ብሎን ብታስሩ አንድ ነው። በቆራጭ ፒንሳ ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የቀረውን በአዲስ ምላጭ በሁለት ሦስት ጊዜ ላጡ፣ በ400 ብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ። በአንድ ጊዜ አስጠግቶ መቁረጥ ፕላስቲኩን ቦርቡሮ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። የፊት አክስሉ ዛሬ ተጣብቆ ደረቀ፣ የኋላው ነገ። እያንዳንዱ ለብቻው ቀጥ ያለ ይመስላል፣ እርስ በርሳቸው ግን ጠማማ ናቸው። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቀጭኑ የታሚያ ማጣበቂያ ለሌላ ሥራ ወደር የለውም፤ ለአክስል ግን ቶሎ ስለሚይዝ ጊዜ አይሰጥም። ወፈር ያለውን ተጠቀሙ። አራቱን ባሌስትራዎችና ሁለቱን አክስሎች በአንድ ቁጭታ አጣብቁ፣ ጎማዎቹን ሳታጣብቁ ሰክታችሁ ብቻ አስገቡ፣ መስታወቱ ላይ አቁሙት። አራቱም እስኪነኩ በጣት እያረማችሁ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ሻንሲው ላይ አጋድሙ። ከላይም ተመልከቱ፤ ባለካሬ ወረቀት ከመስታወቱ ሥር ብታስገቡ አክስሎቹ ከመስመሩ ጋር መሄዳቸውን ታያላችሁ። አላይመንት ማለት ይኸው ነው። እስከ ነገ አትንኩት። "ትንሽ ልይ" ብሎ ማንሳት የለም።

ሦስተኛው ከፋብሪካ የመጣ ጠማማ ሻንሲ ነው። ይህ ያናድደኛል። ርካሽ ኮፒ የሚሠሩ ሰዎች ፕላስቲኩ ሳይበርድ ከፎርማው ያወጡታል፣ ቀጭን ሳጥን ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ገዢው ደግሞ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። ስንት ጀማሪ "እጄ አይሆንም" ብሎ የተወው በሌላ ሰው ጥፋት ነው! ስለዚህ ምንም ሳታጣብቁ ባዶ ሻንሲውን መስታወት ላይ አጋድሙት። እዚያው ከተወዛወዘ አክስሉን አትውቀሱ።

ጠማማ ሻንሲ በሙቅ ውኃ ይቃናል። ውኃው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይሁን። ግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ አውጥታችሁ ከጠመመበት በተቃራኒው ትንሽ አልፋችሁ ጠምዝዙት፣ እንደያዛችሁት ቀዝቃዛ ውኃ ሥር አድርጉ። ካልበቃው ድገሙ። የፈላ ውኃ አትጠቀሙ። ፕላስቲኩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ቀጭን የሆነው ነው። የእህቴ ልጅ የሻይ ውኃ እየፈላ ሻንሲውን ከነአክስሉ አስገባው። ሲያወጣው የመሪው ዘንግ እንደ ምስር ቡቃያ ተጠቅልሎ ነበር። "ጋሼ፣ ሻንሲው ግን ቀጥ ብሏል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቀጥ ብሏል። ዘንጉን ከፍሬም ፕላስቲክ በሻማ ሙቀት ስበን አዲስ ሠራንለት፤ አንድ ማታ ወሰደብን።

ቀድሞ የደረቀ ከሆነስ? ቀጭኑን ማጣበቂያ በብሩሽ መጋጠሚያው ላይ ቀቡ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙ። ሦስት አራት ጊዜ ሲጠጣ ይላላል። ያን ጊዜ መስታወት፣ ባትሪ፣ እስከ ነገ። በጉልበት መንቀል አክስሉን ይሰብራል። የቀረው ልዩነት ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ከሆነ ብቻ የረጃጅሞቹን ጎማዎች ሥር በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጉ። ከአንድ ቶን በላይ የምትመዝን መኪና የተሸከመ ጎማ ሥሩ ጠፍጠፍ ይላልና ለዓይንም ያምራል።

ጎማዋን ጭቃና አሸዋ ውስጥ ቀብሮ መደበቅ የሚመክሩ አሉ። ለሌላ ጊዜ ይሁን። አሁን የምትጠግኑት ጂፗን ብቻ አይደለም፤ በእጃችሁ ላይ ያላችሁን እምነት ጭምር ነው። የተደበቀውን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ የፊት መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ

ሱፐር ግሉ ነው። ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ያርፋል። ለመስታወት ነጩን የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ። ከደረሰባችሁ መስታወቱን ኮፈኖው ላይ እጠፉት፤ ነጸብራቁ እንዳያጋልጣቸው ወታደሮቹም እንዲሁ ያጥፉት ነበር። ሶፍት በኮላ ነክሮ ሸራ አስመስሎ መሸፈን ነው።

ምልክት፦ ነጩ ኮከብ ዙሪያው ብር መሰለ

ዲካሉ፣ ማለትም በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው የምልክት ሥዕል፣ ሸካራ ቀለም ላይ ስለተለጠፈ ሥሩ አየር ይዟል። ከዲካል በፊት የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነው የሚቀባው። አሁን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ጨምሩ። እየለሰለሰ ሲጨማደድ አትንኩት! ሲደርቅ ራሱ ይቀመጣል።

ምልክት፦ የመጨረሻው ቫርኒሽ ከተነፋ በኋላ ሁሉም ነገር አመዳይ መሰለ

በዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ ላይ ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ነው። አየሩ እርጥብ ነው፣ ስፕሬዩ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባም ክረምት ላይ ያው ነው። ጣሳውን በደንብ አለመነቅነቅም እንዲሁ ያነጣል፤ ሁለት ሙሉ ደቂቃ ነቅንቁ። በዝናብ ቀን አትንፉ። ጣሳውን ለብ ባለ ውኃ ማሞቅ ይቻላል፤ ምድጃ ላይ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን ፈጽሞ! ይፈነዳል። ከመጣባችሁም ጂፗን አትጣሏት፣ ቀለሙንም አትላጡ። ደረቅ ቀን ጠብቁ፣ ስስ አድርጋችሁ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ንፉ፤ አመዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ሲደርቅ በደብዛዛው ድገሙ።

ትንሽ ክፍል ከወረንጦ አምልጦ ከጠፋ፦ መብራት አጥፍታችሁ የስልክ ባትሪ ወለሉ ላይ አስተኝታችሁ አብሩ፣ ጥላው ያሳያችኋል።

ምልክት፦ ጂፗ አለቀች፣ ታንኩ ግን አሁንም ያስፈራል

ታንኩን በሙሉ አታውጡት። የሰንሰለቱን አንድ ፍሬም ብቻ አውጡ፤ በቀን አሥር ቁራጭ፣ ቆርጦና ልጦ ማስቀመጥ ብቻ፣ ማያያዝ የለም። ባለ ታክሲው ወዳጄ ጂፑን በ11 ቀን ጨረሰ፤ አራቱም ጎማ መስታወቱን ይዘዋል፣ ወረቀት አያሳልፉም። ባለፈው ወር ቲ-55ቱን ከፍሪጅ አወረደው። ትናንት ማታ ፎቶ ላከልኝ፤ የቀኝ ጎን፣ 34 ቁራጭ።