ለመርጅ ሪኩዌስት የሚሮጥ ፓይፕላይን እንዴት ይዘጋጃል? ጅማ ላይ በጋራ ኮድ ለሚጽፍ ቡድን

ጅማ ላይ አምስት ሰዎች የቡና አቅራቢዎችን ሂሳብ የሚይዝ ሶፍትዌር በጋራ ይጽፋሉ እንበል። አንዱ ፈረሱላን ወደ ኪሎ የሚቀይረውን ስሌት ሲነካካ 17 የነበረውን 16 አድርጎት ቢያልፍ፣ 10 ፈረሱላ ቡና ከ170 ኪሎ ወደ 160 ይወርዳል። ኮዱን የሚገመግመው ጓደኛው ደክሞት ከሆነ ላያየው ይችላል። ፓይፕላይን፣ ማለትም ኮድ ሲለወጥ በራሱ የሚሮጥ የፍተሻ ሰንሰለት፣ ግን ይህን ስሌት የሚፈትን ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) እስከተጻፈለት ድረስ ሳይሰለች ይይዘዋል። እዚህ የምናሳየው ቡድኖች ኮዳቸውን በጋራ በሚያስቀምጡበት በጊትላብ ነው፤ እዚያ መርጅ ሪኩዌስት የሚባለው አንዱ የለወጠው ኮድ ወደ ዋናው እንዲቀላቀል የሚያቀርበው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉ

በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ቢልድ ከሚለው ስር ፓይፕላይን ኤዲተርን ክፈቱ፤ የፓይፕላይኑ ትእዛዞች የሚጻፉበትን የያምል ፋይል በትክክለኛው ስምና ቦታ ያዘጋጅላችኋል፣ ስህተትም ካለ ኮሚት ከማድረጋችሁ (ለውጡን ከማስመዝገባችሁ) በፊት ይጠቁማል። መስመሮቹን ወደ ውስጥ የምታስገቡት በስፔስ ብቻ ነው፤ አንድ ታብ ከገባ ፋይሉ አይነበብም።

በሁለት ስቴጅ (ደረጃ) ጀምሩ፤ የኮዱን አጻጻፍ የሚያጣራው ሊንት ይቅደም፣ ቴስት ይከተል። ሊንት ቶሎ ያልቃል፤ እሱ ከወደቀ ረጅሙ ቴስት አይጀመርም።

መቼ ይሩጥ?

ብዙ ቡድን የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። መርጅ ሪኩዌስት ተከፍቶ ሳለ ፑሽ ስታደርጉ (ኮዳችሁን ወደ ጊትላብ ስትልኩ) ሁለት ፓይፕላይን አብሮ የሚነሳ ከሆነ፣ አንዱ ለብራንቹ (ለምትሠሩበት የኮድ ቅርንጫፍ)፣ ሌላው ለመርጅ ሪኩዌስቱ ነው። ሥራው አንድ፣ ወጪው እጥፍ። መፍትሔው በፋይሉ አናት ላይ ወርክፍሎው የሚለውን ክፍል ጽፎ ሁለት ደንብ ብቻ መስጠት ነው፦ ፓይፕላይኑ ከመርጅ ሪኩዌስት ከመጣ ይሩጥ፤ ኮሚቱ በዋናው ብራንች ላይ ከሆነ ይሩጥ። ሌላው ሁሉ አይነሳም።

ጆቦቹ (በየስቴጁ የሚሮጡት ሥራዎች) ላይም ኢንተራፕቲብል (ሊቋረጥ የሚችል) የሚለውን ትሩ አድርጉ። አዲስ ፑሽ ሲመጣ የቀድሞው ኮሚት ፓይፕላይን በራሱ ይቋረጣል።

ደቂቃው ሲያልቅ

ነጻው የጊትላብ አገልግሎት በወር 400 የማሽን ደቂቃ ይሰጣል። የጆቦቹ ጊዜ ተደምሮ 8 ደቂቃ ከፈጀ 50 ሩጫ ብቻ ማለት ነው፤ ለአምስት ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ላይዘልቅ ይችላል። ጆቦቹ ጎን ለጎን ቢሮጡም የእያንዳንዱ ደቂቃ ለየብቻ ይቆጠራል።

ስለዚህ የራሳችሁን ራነር (ጆቦቹን የሚያሮጠውን ፕሮግራም) በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፤ በእሱ የሚሮጥ ሥራ ከ400ው አይቀነስም። ራነሩ ሥራ እንዳለ እየጠየቀ የሚወስደው ራሱ ስለሆነ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ አያስፈልገውም፤ የሞባይል ዳታም ይበቃዋል። በራነሩ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የዶከር ኢሜጅ (ጆቡ የሚሮጥበት የተዘጋጀ የሶፍትዌር ጥቅል) ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ብቻ እንዲወርድ እዘዙት፤ አለዚያ በእያንዳንዱ ጆብ ኢንተርኔት ላይ ሄዶ ያረጋግጣል፣ መስመር ሲቆራረጥም ጆቡ ይወድቃል።

መብራት ሲጠፋ ራነሩ ሳይሰናበት ስለሚሞት ጆቡ እየሮጠ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ነባሪው የጊዜ ገደብ 1 ሰዓት ነው፤ 15 ደቂቃ ብታደርጉት መብራት ሲመለስ ዝም ብላችሁ አትጠብቁም።

ላይብረሪዎችን (ኮዳችሁ የሚጠቀምባቸውን የሌሎች ኮዶች) በካሽ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማከማቻ፣ ያዙ፣ የካሹንም ቁልፍ የላይብረሪዎቹን ቁጥር ከሚመዘግበው ሎክ ፋይል ጋር እሰሩት፤ ሎክ ፋይሉ እስካልተለወጠ ድረስ እንደገና አይወርዱም። ካሽ ግን ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው። አንዱ ጆብ ሠርቶ ለሌላው የሚያቀብለውን ውጤት በአርቲፋክት (ጆቡ ሲያልቅ በሚያስቀምጠው ፋይል) አስተላልፉ።

በሩን መዝጋት

እስካሁን ያለው ሁሉ ምክር ብቻ ነው፤ ቀይ (ወድቋል) እያሳየም መርጅ ማድረግ ይቻላል። በሴቲንግስ፣ መርጅ ሪኩዌስትስ ስር ፓይፕላይን ሳይሳካ መርጅ እንዳይደረግ የሚከለክለውን ምርጫ አብሩ።

ቀይ ሲሆን

መጀመሪያ የጆቡን ሎግ ከታች ወደ ላይ አንብቡ። እንደገና አሩጡ የሚለውን ቁልፍ ሳያነቡ መጫን የለመደ ቡድን ፓይፕላይኑን አጥቶታል ብለን እናምናለን። የድጋሚ ሙከራን ለራነር ብልሽት ብቻ ፍቀዱ፤ ለወደቀ ቴስት አይሆንም።

በላፕቶፕ አልፎ በፓይፕላይን የሚወድቅ ቴስት ካለ ሰዓቱን ተመልከቱ። የዶከር ኮንቴነር (ጆቡ ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሮጥበት ለብቻው የተለየ ቦታ) ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው ከጅማ 3 ሰዓት ወደኋላ ባለው የዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ለእኛ ቀኑ ተቀይሯል፣ ለኮንቴነሩ ገና ትናንት ነው፤ «የዛሬ ግዢ» የሚል ቴስት በሌሊት ብቻ ይወድቃል። ቴስቱ ውስጥ ቀኑን ቋሚ አድርጉት።

ሌላው የተለመደ ምክንያት ባዶ የይለፍ ቃል ነው። ፕሮቴክትድ የተባለ ተለዋዋጭ (የይለፍ ቃሉ ጊትላብ ላይ የሚቀመጥበት) ጥበቃ ባልተደረገለት ብራንች ላይ አይደርስም። ጥበቃውን አታንሱ፤ የይለፍ ቃሉን የሚፈልገውን ዲፕሎይ ጆብ (ሶፍትዌሩን ወደ ተጠቃሚ የሚያደርሰውን) በዋናው ብራንች ብቻ እንዲሮጥ አድርጉ፣ ቴስቱም ሲያልቅ የሚጠፋ የራሱ ዳታቤዝ ይኑረው። ከፎርክ (ሌላ ሰው ለራሱ ከወሰደው የፕሮጀክታችሁ ቅጂ) የመጣ መርጅ ሪኩዌስትን ደግሞ በእናንተ ፕሮጀክት ውስጥ ከማሮጣችሁ በፊት ኮዱን መስመር በመስመር እዩት፤ የማታውቁት ሰው የጻፈው ትእዛዝ በቢሯችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሮጠው።