አሜሪካ ጡረታ ሊወጡ ነው? ከቀኑ በፊት ኢንሹራንሱን ያስቡ

ስለ ጡረታ ስናወራ ወሬው ሁሉ ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ ማለትም የመንግስት የጡረታ ገንዘብ፣ ነው። 62 ሲሞላ መቀበል ይቻላል፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ ግን ለአብዛኛው ሰው የሚጀምረው 65 ላይ ነው። ወገባቸውን እያመማቸው ሆቴልና ፓርኪንግ ውስጥ የሚቆዩ ስንት እናቶችና አባቶች አሉ፣ ለደሞዙ ሳይሆን ለኢንሹራንሱ ሲሉ። ያሳዝናል። ግን ቀድመው ካሰሉት መውጫ ሊኖር ይችላል።

መጀመሪያ የሶሻል ሴኪዩሪቲ አካውንትዎን ከፍተው 40 ክሬዲት መሙላቱን ይዩ። ታክስ የተከፈለበት የ10 ዓመት ስራ ማለት ነው፤ ታክስ ያልተከፈለበት የካሽ ስራ አይቆጠርም። ከሞላ የሜዲኬር ፓርት ኤ፣ ማለትም የሆስፒታሉ ክፍል፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይሰጥዎታል። ካልሞላ በባለቤትዎ ክሬዲት ሊያገኙት ይችላሉ።

ከ65 በፊት ከወጡ ክፍተቱን በምን ይሞሉታል? ኮብራ የሚባለው ህግ የመስሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ያስቀጥላል፤ አሰሪው ይከፍል የነበረውም ግን እርስዎ ላይ ይወድቃል። ኦባማኬር፣ ማለትም በመንግስት ድጎማ በግል የሚገዛ ኢንሹራንስ፣ ለመግባት ደግሞ የስራው ኢንሹራንስ ከተቋረጠ በኋላ 60 ቀን አለዎት። ድጎማው የሚሰላው በዓመት ገቢ ነው፣ ስለዚህ ከ401ኬ፣ ማለትም በስራ ቦታ ካጠራቀሙት የጡረታ ቁጠባ፣ ብዙ ገንዘብ ባንዴ ካወጡ ድጎማው ሊቀንስ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ሜዲኬይድ የሚባለውን ለዝቅተኛ ገቢ ያለ የመንግስት ኢንሹራንስ ይጠይቁ። እዚህ ላይ ስቴቱ ይወስናል፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብዙ ሰው እንዲገባበት አስፍተውታል፣ ቴክሳስ አላሰፋም።

ብዙ ቤት የሚያናጋው ግን የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። ሜዲኬር የግል ነው፣ ቤተሰብ አይሸፍንም። ባል 65 ሞልቶት ስራ ሲያቆም፣ በእሱ ኢንሹራንስ ስር የነበረችው የ60 ዓመት ሚስቱ ባዶ እጇን ልትቀር ትችላለች። እሷ የራሷ ኢንሹራንስ ያለው ስራ ከሌላት የእሱን መውጫ ቀን ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ወስኑት።

ከ65 በኋላም መስራት ከፈለጉ ሰራተኞቹ 20 ወይም ከዚያ በላይ በሆኑበት ድርጅት ኢንሹራንስ እስካለዎት ድረስ ፓርት ቢን፣ ማለትም የሜዲኬርን የሐኪም ክፍል፣ ሳይመዘገቡ ማዘግየት ይችላሉ። ስራው ሲያበቃ ለመመዝገብ 8 ወር ይሰጥዎታል። ኮብራ ላይ ነኝ ብለው እንዳይዘናጉ፣ እሱ እንደ ስራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም። ካለፈዎት ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ 12 ወር በፓርት ቢ ወርሃዊ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ቅጣት አለ፣ ያውም ዕድሜ ልክ።

አገር ቤት ገብቼ እኖራለሁ ለሚሉም፦ ሜዲኬር አዲስ አበባ ላይ አይሰራም። ፓርት ቢን ሰርዘው ሄደው በኋላ ከተመለሱ ያው ቅጣት ይጠብቅዎታል።

በየስቴቱ ሺፕ የሚባል ነፃ የሜዲኬር ምክር አለ፣ ኢንሹራንስ አይሸጡም። ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ይደውሉላቸው፣ አስተርጓሚም ይጠይቁ።