የድሮ ዘፈን የማን ግጥም፣ የማን ዜማ እንደሆነ በስልክ እንዴት ይፈለጋል?

ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። የታክሲው ሾፌር የቆየ ዘፈን ከከፈተ አንድ ስንኝ ይዤ እወርዳለሁ። ዘፋኙን ማወቅ አይከብድም። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው ማን ነው ሲባል ግን ፍለጋው ዘዴ ይጠይቃል። እኔ የምለፋው ለእነዚህ ስሞች ነው።

መጀመሪያ ስንኙን ሳትረሱ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ዘፈኑ ገና እየተሰማ ከሆነ ዘፈን ሰምቶ የሚለየውን መተግበሪያ ሻዛምን ሞክሩ። ካለፈ ደግሞ የጉግል መተግበሪያ ላይ ማይክሮፎኑን ነክታችሁ፣ ዘፈን ፈልግ (Search a song) የሚለውን መርጣችሁ ዜማውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አንጎራጉሩለት። ለቆዩ የካሴት ሥራዎች ግን በሁለቱም እምብዛም አልቀናኝም፤ የተሻለ የጠቀመኝ ግጥሙ ነው።

ከስንኙ አራት ወይም አምስት ቃል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ፤ ያኔ ጉግል ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል ይፈልጋል። «ፍቅሬ» እና «ሆዴ» በየዘፈኑ ስላሉ አይጠቅሟችሁም። ወጣ ያለውን ቃል፣ የአገሩን ወይም የወንዙን ስም ምረጡ። ከጥቅሱ ውጭ «ግጥም» ብላችሁ ጨምሩ።

ምንም ካልመጣ ፊደሉን ለውጡ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ በ«ሠ»፣ ሌላው በ«ሰ» ይጽፈዋል፤ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም የጥላሁንን ስም ከ«ቲ» ቀጥሎ ያለውን «አይ» ትቶ፣ በ«ዩ» ፈንታ «ኦ» እና «ዩ» አስከትሎ (Tlahoun) ነው የሚጽፈው። በለመድነው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ያ ሁሉ መረጃ ሊያመልጠው ይችላል። ሦስት አራት አጻጻፍ ሳትሞክሩ የለም አትበሉ።

የዘፋኙ ስም ከተገኘ ወደ ዲስኮግስ ሂዱ። ሰብሳቢዎች የሸክላና የካሴት ሽፋን ፎቶ የሚያስቀምጡበት ገጽ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» የሚለውን አንብቡ። ዩቲዩብ ላይ ከተጻፈው ይልቅ የሽፋኑን እመኑ።

ዓመተ ምህረቱን ሳታጣሩ አትለፉ። ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ በ1969 ተመሠረተ ብታነቡ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1961 ወይም 1962 ይሆናል። 1975 የሚል ብታገኙ በፈረንጅ ከሆነ የደርግ መጀመሪያ ነው፤ በእኛ ከሆነ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ወዲህ ይመጣል።

በኢንተርኔት ያጣችሁት ስም እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ባለ ካሴት ላይ ሊኖር ይችላል። ካገኛችሁት ጀርባውን ጭምር በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱና ዲስኮግስ ላይ ጫኑት፤ ተመዝግቦ መጨመር ለማንም ክፍት ነው።