ግድግዳ ውስጥ የተሠራ የባሕር አኳሪየም፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ኮራል ያለበትን የጨው ውኃ አኳሪየም ግድግዳ ውስጥ አስገብቶ ለጨረሰ ሰው ነው። ጨውን በሪፍራክቶሜትር መለካት፣ ሙቀቱን 25 እና 26 ዲግሪ ላይ መያዝ፣ በአርኦ ዲአይ ማጣሪያ ያልተጣራ ውኃ አለመጨመር፣ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ግድግዳው የእንጨት ምሰሶና ድራይዎል የሚባል በወረቀት የተሸፈነ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። አዲስ አበባ ብሎኬት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የእንጨቱ ጣጣ ይቀርለታል። የእርጥበቱና የጎርፉ ግን አይቀርለትም።

ከምጠራባቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የዓሣ አይደሉም። የግድግዳ ናቸው። ሰው ገንዘቡን ሳሎን በኩል በሚታየው መስታወት ላይ ይጨርስና ከኋላ አየርም እጅም የማይገባበት ጉድጓድ ይተዋል።

ቀለሙ አብጧል፣ ፍሬሙ ተጣሟል፣ ክፍሉ ሻጋታ ሻጋታ ይላል

በጣም የማየው ይኼን ነው፤ ስለዚህ ረዘም ይላል።

ምልክቱ ተራ አለው። መጀመሪያ ከፍሬሙ በላይ፣ ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ ቀለሙ ያብጣል። በጣት ስትጫኑት እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉዳል። ቀጥሎ ፍሬሙ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት) ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ይከፈታል። ከዚያ የድራይዎሉ ብሎኖች ቀለሙን አልፈው ቡናማ ነጠብጣብ ሆነው ይወጣሉ፣ በረድፍ፣ እኩል እየተራራቁ። የመብራቱ ማቀዝቀዣ ፋን መንጫጨት ይጀምራል። ሽታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሽታው ሲመጣ ደግሞ ከኋላ ያለው ወረቀት ጠቁሯል።

ባለቤቱ ሁልጊዜ «ታንኩ ያፈስሳል» ብሎ ነው የሚደውለው። አንዳንዱ እኔን ከመጥራቱ በፊት ውኃውን ሁሉ አውጥቶ ይጠብቀኛል። እባካችሁ አታውጡ። መጀመሪያ ሁለት ነገር እዩ። ግድግዳው የበሰበሰው ከታች ወደ ላይ ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች? ከታች ከጀመረ ፍሳሽ ነው። ከላይ ከጀመረ እንፋሎት ነው። ሁለተኛ፣ ነጭ የጨው ቅርፊት አለ ወይ? የባሕር ውኃ ሲተን ጨውን ትቶ ነው የሚሄደው። እርጥብ ሆኖ ጨው የሌለበት ግድግዳ ያረጠበው እንፋሎት ነው። ጨው ካለበት ግን የሚረጭ ወይም የሚያፈስስ ነገር ፈልጉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 180 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ ክፍት ታንክ በቀን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሊትር ያተንናል። ክረምት ላይ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው ይብሳል። የተነነውን ውኃ የሚተካው የመሙያው ባለ 20 ሊትር በርሜል በሦስትና በአራት ቀን ባዶ ሲሆን ውኃው የት ሄደ? ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። ከኋላ ያለው ደግሞ በሩ የተዘጋ ክሎዜት፣ ማለትም ጠባብ የዕቃ ክፍል ነው። መውጫ የለውም፣ ወደ ድራይዎሉ ይገባል።

«ፋን አለኝ» የሚል መልስ እሰማለሁ። ፋን መኖሩ ብቻውን ምንም አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ፋኑ ቀን ከሌት ይዞራል፣ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። አቲክ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ወጣሁ። የፋኑ ቱቦ ኢንሱሌሽኑ (የሙቀት መከላከያው) ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል፤ አፉ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ያ ሁሉ እንፋሎት ጣሪያው ሥር ሲከማች ከርሞ ጣውላውን አጥቁሮታል። የሠራው ኮንትራክተር ሙሉ ዋጋ ተቀብሏል። ቱቦው ጣሪያውን ወይም የውጭውን ግድግዳ በስቶ መውጣት አለበት። አቲክ ደጅ አይደለም።

ሌላ ቤት ደግሞ ቱቦው በደንብ ወጥቷል። ግን ባለቤቱ የፓምፑ ድምፅ ረበሸኝ ብሎ የክሎዜቱን በር ዙሪያውን በጎማ አሽጎታል። ፋኑ የሚስበው አየር አጣ። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሶፍት ፋኑ ላይ አስጠጉ። በሩ ተከፍቶ ከተጣበቀ፣ በሩ ሲዘጋ ከወደቀ፣ መግቢያ አየር የለም ማለት ነው። ከበሩ ሥር ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቁረጡ ወይም በሩ ላይ ወንፊት ያለው መተንፈሻ ግጠሙ።

ሦስተኛው በጥር ብርድ የሚመጣው ነው። ከፋኑ ውኃ ይንጠባጠባል። ሰዎቹ ጣሪያ ያፈስሳል ብለው ጣሪያ ሠሪ ከፍለው ጨርሰዋል። ጣሪያው ምንም አልሆነም። ሞቃቱ እንፋሎት ብርዳም አቲክ ውስጥ ባለ ባዶ ቱቦ ሲያልፍ ውኃ ይሆንና ተመልሶ ይወርዳል። ቱቦውን ኢንሱሌሽን አልብሱት፣ ወደ ውጭ በኩል ዝቅ አድርጉት። ከተጣጣፊው ይልቅ ጠንካራውን ቱቦ ተጠቀሙ፤ የተጣጣፊው እጥፋት ሁሉ ውኃ ያቁራል።

ፋኑ በእጅ የሚበራ አይሁን። ሰው ይረሳል። እርጥበት ለክቶ ራሱ የሚያበራ ማብሪያ ግጠሙና 50 እና 55 ፐርሰንት መካከል አስተካክሉት። የክፍሉን ውስጥ በሲሚንቶ ቦርድ ወይም በፒቪሲ ልጥፍ ሸፍኑ። አረንጓዴው ድራይዎል እርጥበት ትንሽ ይችላል እንጂ ውኃ አይችልም፣ በቀለሙ አትታለሉ። የፊት ፍሬሙ ፒቪሲ ይሁን። በሚስማር አትምቱት፣ በማግኔት ይያዝ። አንድ ቀን ማውረዳችሁ አይቀርም።

የሻገተውን ድራይዎል ቆርጣችሁ ጣሉት። ቀለም አትደርቡበት። ቀለም የምትቀቡ ከሆነም የስኪመሩን (አየር እየሳበ የውኃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) አየር መሳቢያ መጀመሪያ ወደ ደጅ አውጡ፤ ስኪመር ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሽታ ሁሉ ምጎ ውኃው ውስጥ ይጨምረዋል። መስታወቱንም አሞኒያ ባለው ርጭት አትወልውሉ።

ሁለት አቋራጮች አሉ፣ ሁለቱም መጥፎ። አንዱ ታንኩን በመስታወት ክዳን መድፈን ነው። ትነቱ ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑም አብሮ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ሌላው ክሎዜቱ ውስጥ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ማስገባት ነው። ለጊዜው ይረዳል፣ ግን ክፍሉን ያሞቀዋል። ማሽኑ የሰበሰበውን ውኃ «ንጹሕ ነው» ብለው መልሰው ታንኩ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። በፍጹም! ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ጥቅል የመዳብ ነው። መዳብ ኮራሉንም፣ ሽሪምፑንም፣ ቀንድ አውጣውንም ይጨርሳል።

ፒኤች ከ7.8 አልፎ አልወጣ አለ

ይህም ያው የአየር ጉዳይ ነው። የታፈነ ቤት ውስጥ ሰው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ወደ ውኃው ይገባል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። ሰዎች ይህን ሳያጣሩ ባፈር የሚባል ዱቄት ይገለብጣሉ። ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓት ይወጣና ይመለሳል። አልካሊኒቲው ግን አይመለስም። 8 ወይም 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ላይ መቀመጥ የነበረበት 12 እና 13 ደርሶ የኮራሎቹ ጫፍ ተቃጥሎ አያለሁ።

ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ የታንኩን ውኃ ደጅ አውጡ። በትንሽ የአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ያህል አረፋ ስጡትና ለኩ። ከወጣ ጥፋቱ የቤታችሁ አየር ነው። የስኪመሩን አየር ጎማ ወደ ደጅ አውጡ። የልብስ ማድረቂያው ወይም የቦይለሩ ጭስ በሚወጣበት በኩል ግን አይሁን።

በነገራችን ላይ፣ ረከቦቱን አኳሪየሙ ሥር የሚዘረጉ ቤቶች ገጥመውኛል። ፎቶው ላይ ያምራል። የቡናው ጭስና እጣኑ ግን መስታወቱ ላይ ቅባት ይጥላል፣ ስኪመሩም ይስበዋል። ቡናውን ወዲያ ማዶ አድርጉት።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወለሉ ውኃ ሆኗል

ሁለት ዓይነት ጎርፍ አለ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትጠግኑ።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ከሳምፑ፣ ማለትም ፓምፑ ከሚቀመጥበት ከታችኛው ታንክ ነው። ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውኃ በመመለሻው ቱቦ ወደኋላ ይሳባል። የቱቦው አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ አይቆምም። ሒሳቡን ሥሩት። 180 በ60 ታንክ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ውኃ ወደ 11 ሊትር ነው። አፉ 8 ሴንቲሜትር ጠልቆ ከሆነ ከ80 ሊትር በላይ ይወርዳል። ሳምፑ ውስጥ 50 ሊትር ቦታ ካለ ቀሪው 30 የማን ነው? የምንጣፉ ነው።

«ውኃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ አለው» አትበሉኝ። ቼክ ቫልቭ አዲስ እያለ ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ምላሱ ላይ ሐምራዊው ጠንካራ አልጌ ያድጋል፣ ወይም ቀንድ አውጣ ይቀረቀርበታል። በተለይ ርካሹ፣ በሙጫ ተጣብቆ የማይፈታው፣ ገንዘብ መጣል ነው። የመመለሻውን አፍ ከውኃው ገጽ ብዙ አታጥልቁት። አየር አስገብታ ወደኋላ መሳቡን የምታቆመውን ቀዳዳም በየጊዜው በጥርስ መጎርጎሪያ ጥረጉ። ከዚያ ቤት እያላችሁ ፓምፑን ሆን ብላችሁ ንቀሉት። ውኃው ወርዶ እስኪያልቅ ቆማችሁ እዩ። ሳምፑ ጠርዝ ላይ ካልደረሰ ፓምፑን መልሳችሁ ሰኩና ውኃው ሲረጋጋ የቆመበትን መስመር በቴፕ ምልክት አድርጉ። ከዚያ መስመር በላይ ማንም አይሙላ።

«ማንም» ስል ማንም ነው። አንድ ቤት እናትየው ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተዋል። ልጆቹ ሥራ ሲውሉ ሳምፑን አይተው «ውኃው ጎደለ፣ ዓሣዎቹ ሊሞቱ ነው» ብለው ከቧንቧ በጆግ ሞሉት። በአሳቢነት! ማታ መብራት ጠፋ፣ ቤቱ ተጥለቀለቀ። በዚያ ላይ የዲሲ አካባቢ የቧንቧ ውኃ ክሎራሚን የሚባል የውኃ ማከሚያ ኬሚካል አለበት። እማማ ምን ያውቃሉ? ጥፋቱ የጻፈበት ሰው አለመኖሩ ነው። ሳምፑ ላይ በአማርኛ «ውኃ አይጨመርም» ብላችሁ ለጥፉ።

ሁለተኛው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ነው። እሱ ከላይ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ስለሚፈስ ቶሎ አይታይም። ፓምፑ ውኃ ይልካል፣ የመውረጃው ቱቦ ግን ተደፍኗል። መውረጃው አንድ ብቻ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይቀርላችሁም። ሁልጊዜ ባዶ የሚቆም ሁለተኛ የአደጋ መውረጃ ይኑር፣ አፉም ላይ ወንፊት አይደረግበት። የሳምፑ የፓምፕ ክፍል ደግሞ ጠባብ ይሁን። መውረጃው ቢደፈን እንኳ ታንኩ ሳይሞላ ፓምፑ ውኃ ያጣል።

ጨዉ ቀስ በቀስ እየወረደ ነው

የራስ ሰር መሙያው ተንሳፋፊ ተጣብቋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ አውጣ ተቀምጦበት ነው። ከላዩ ሁለተኛ ተንሳፋፊ ጨምሩ። የመሙያው በርሜል ትንሽ ይሁን፤ ሁሉም ቢፈስ ጨዉን ክፉኛ የማያወርድ።

ጂኤፍሲአዩ በየጊዜው ይዘላል

ጂኤፍሲአይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስስ ራሱ የሚያቋርጥ ሶኬት ነው። አታውጡት! «ያስቸግራል» ብለው በተራ ሶኬት የቀየሩ አሉ፤ እጃቸውን የሚያስገቡት ጨው ውኃ ውስጥ ነው። ሁሉንም ንቀሉና አንድ በአንድ ሰኩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የተሰነጠቀ ማሞቂያ ወይም ያረጀ ፓምፕ ነው። ሁሉንም ነገር አንድ መስመር ላይ አትጫኑ፤ በሌላ መስመር ቢያንስ አንድ ውኃ አንቀሳቃሽ ይቅር። የሶኬት ማከፋፈያ ወለል ላይ አይቀመጥም። ከሳምፑ በላይም አይሰቀልም።

የቀሩት፣ በአጭሩ

ውኃው እየሞቀ ከሄደ ማሞቂያው በርቶ ቀርቷል፤ በውጭ መቆጣጠሪያ አስይዙት።

ዓሣው ደህና ሆኖ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ብቻ ከሞተ የናስ መገጣጠሚያ፣ የዛገ ማግኔት ወይም የዓሣ መድኃኒት ፈልጉ።

ሁሉም ብረት በአንዴ ከዛገ ክሎዜቱ ውስጥ የአሲድ ጠርሙስ ተቀምጦ እንደሆነ እዩ። ክዳኑ ቢጠብቅም ይተንናል፣ አውጡት።

አጠገቡ ያለው በር አልዘጋ ካለ ወይም የወለሉ ሸክላ ከተሰነጠቀ ለኔ አትደውሉ፣ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ። 700 ሊትር ታንክ ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ ከአንድ ቶን ሊያልፍ ይችላል። ክብደቱ በራሱ መቆሚያ ወለሉ ላይ እንጂ ግድግዳው ላይ ማረፍ የለበትም።

ዞዋንቲድ የሚባለው ኮራል ድንጋዩን ከወረረው ድንጋዩን ቀቅሎ ማጽዳት አይሞከርም። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አላቸው። እንፋሎቱ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ ድንጋዩን እንዳለ አውጡት።

የታንኩ ስፌት ማፍሰሱ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ከውጭ ሲሊኮን መለጠፍ አይሠራም፤ ታንኩ ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ሲሊኮኑ ተፍቆ እንደ አዲስ ይጣበቃል። ከኋላ ያለው በር 75 ሴንቲሜትር፣ ኮሪደሩ መታጠፊያ ያለው ከሆነ ደግሞ ታንኩ የሚወጣው ግድግዳው ፈርሶ ነው። ስለዚህ ድራይዎሉ ሳይዘጋ ሜትር ያዙና መውጫውን እስከ ውጭ በር ድረስ ለኩ።